ከቪየና ቅቅል እስከ ካሪንቲያ አይብ

ቪየና የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያዝዘው ሽኒትዝል ነው፤ እኔም አዘዝኩ። በስሱ የተቀጠቀጠ የጥጃ ሥጋ በዱቄት፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ይጠበሳል። ጥሩ ምግብ ነው። (ከአሳማ የተሠራ ከሆነ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ እንደ እኔ አሳማ የማይበላ ሰው አስተውሎ ያንብብ።) የኦስትሪያን የቤት ሙያ ያየሁት ግን በሌሎች ምግቦች ላይ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ታፌልሽፒትዝ የሚባለው የበሬ ሥጋ ቅቅል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1916 የገዙት ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ አብዝተው ይወዱት እንደነበር ይነገራል። ሥጋው ከበሬው ዳሌ ጫፍ ይወጣና ከቅልጥም፣ ከካሮትና ከሌሎች ሥራ ሥሮች ጋር ለሰዓታት በለስላሳ እሳት ይበስላል። ከተንተከተከ መረቁ ይደፈርሳል፣ ሥጋውም ይደርቃል። ሽንኩርቱን ሳይልጡ ለሁለት ይከፍሉትና የተቆረጠውን ፊት በደረቅ መጥበሻ ላይ እስኪጠቁር ያሳርሩታል፤ መረቁ ወርቃማ ቀለሙን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ወደ ማዕድ ሲመጣ መረቁ ይቀድማል። መቅኔው በተጠበሰ ጥቁር ዳቦ ላይ ተቀብቶ ጨው ይነሰነስበታል። ከዚያ ሥጋው ከተጠበሰ ድንችና በፖም ከተለወሰ ክሬን ጋር ይቀርባል። ክሬን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነጭ ሥር ነው፤ ሰናፍጭ እየበላ ያደገ ሰው አይደነግጥበትም። ከአንድ ድስት ሾርባም፣ መቅኔም፣ ሥጋም ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ አንድም ነገር አልባከነም።

ክኖድልም እንዲሁ ነው። የደረቀ ነጭ ዳቦ ተቆራርጦ በወተት ይርሳል፤ እንቁላል፣ ሽንኩርትና ፐርስሜሎ ተጨምሮበት በእጅ ይድቦለቦልና ይቀቀላል። ብዙዎች ከአሳማ ጥብስ ጋር ይበሉታል፤ ለእኔ በእንጉዳይ መረቅ አቀረቡልኝ።

ወደ ደቡብ የሄድኩት እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተውን የዜመሪንግ ተራራ የባቡር መስመር ይዤ ነው። ካሪንቲያ ደርሼ ፊላኽ ከተማ አጠገብ አንዲት አዛውንት በሚያስተዳድሯት የእንግዳ ማረፊያ አደርኩ። የክፍለ ሀገሩ መታወቂያ ካስኑድል ነው፦ በሊጥ የተጠቀለለ አይብና ድንች። በካቶሊኮች ዘንድ ሥጋ የማይበላበት የዓርብ ምግብ ሆኖ ኖሯል። እኛ ዓርብ አይብም አንቀምስም፤ የደረስኩት ቅዳሜ ስለነበር ሳልሳቀቅ ማዕድ ቤት ገባሁ።

እመቤቲቱ አይቡን ከተቀቀለና ከተፈጨ ድንች ጋር ለውሰው ናና ከተፉበት። አይብ በጤና አዳም ለምጄ ስላደግኩ ናናው ለአፍንጫዬ እንግዳ ነበር፤ ስቀምሰው ግን ወደድኩት። ሊጡን ዳምጠው በክብ ቆረጡ፣ መሐሉ ላይ የአይብ ድቡልቡል አስቀምጠው አጠፉት። ዋናው ሙያ ከዚህ በኋላ ነው። የሊጡን ጠርዝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያጠፉና እየተጫኑ እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ዘጉት። ጣታቸው አይታይም ማለት ይቻላል። በአገሩ «ይህን መጎንጎን የማታውቅ ልጅ ባል አታገኝም» ይባላል፤ እሳቸውም ከእናታቸው የተማሩት ገና ልጅ ሳሉ መሆኑን ነገሩኝ። ጠርዙ በደንብ ካልተዘጋ ውስጡ ያለው ሁሉ በፈላው ውኃ ተበትኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጉንጉኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም።

በጨው ውኃ ተቀቅሎ ሲንሳፈፍ አወጡትና ቡናማ እስኪሆን የቀለጠ ቅቤ አፈሰሱበት። ከሰላጣ ጋር በላነው። ሦስት ካስኑድል የበላ ሰው ከወንበሩ ይነሳል ብዬ አላምንም፤ እሳቸው ግን አራተኛውን ሳይጠይቁኝ ጨመሩልኝ።

የተረፈው በማግስቱ ለቁርስ ተቆራርጦ በቅቤ ተጠበሰ። ዳር ዳሩ ኩርሽም እስኪል ቀልቷል፣ አይቡም ትንሽ ወጥቶ መጥበሻው ላይ ተጠብሷል። ከትናንቱ በለጠብኝ።