አያት አካባቢ ከጥርስ ሐኪም ጎን ለመቆም

አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ እዚያ ኮሌጅ ጨርሶ ለጥርስ ሕክምና ትምህርት የሚያመለክት ሰው ከሐኪም ጎን ቆሞ ሥራውን የተመለከተባቸውን ሰዓታት እንደሚያስመዘግብ፣ 100 ሰዓት ያህል እንዲኖረው የሚመክሩ ትምህርት ቤቶችም እንዳሉ የነገረችኝ፣ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ላጠናቅቅና የትምህርት ክፍል ምርጫ ልሞላ ሦስት ወር ሲቀረኝ ነበር። እኛ ዘንድ ከአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ በምርጫና በውጤት ስለሚገባ እንዲህ ያለ ማስረጃ የጠየቀኝ የለም፤ ነገር ግን የሰው አፍ ውስጥ አተኩሬ ሳልመለከት ዕድሜ ልኬን የምሠራውን ሥራ ቅጽ ላይ መጻፍ ከበደኝ።

መጀመሪያ የተሳሳትሁት ማመልከቻ ይዤ መሀል ከተማ ወዳሉ ትልልቅ ክሊኒኮች በመሄዴ ነው። በሦስቱ «እንደውልልሃለን» ተባልሁ፤ የደወለ ግን የለም። በአራተኛው ጥበቃው የመድኃኒት ሻጭ መስዬው ከበር መለሰኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰፈሬ ዞርሁ። አያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ ከሕንፃዎች ምድር ቤት ያሉት ትንንሽ ክሊኒኮች በሥራ ቀን ከምሳ በኋላ ቀዝቀዝ ስለሚሉ፣ ሐኪሙን ራሱን አግኝቶ ማነጋገር ይቻላል። በሁለተኛው ክሊኒክ ያገኘኋቸው ሐኪም፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ማመልከቻዬን ሳይገልጡት መለሱልኝና «ሥራ በሌለበት ሰዓት መጥተህ ምን ታያለህ? ቅዳሜ ጠዋት ንጹሕ ጋውን ይዘህ ና። ምንም ነገር አትነካም፤ ታካሚው ካልፈቀደ ደግሞ ወዲያው ትወጣለህ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ለነርሷ «36» ሲሏት የታካሚው ዕድሜ መሰለኝ። ለካ የመጀመሪያው አኃዝ አፍ ከሚከፈልባቸው አራት ክፍሎች የታችኛውን ግራ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመሀል ሲቆጠር ስድስተኛውን ጥርስ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ትልቅ መንጋጋ ያመለክታል። ማደንዘዣውን ወግተው ጉጠቱን ወዲያው ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ግን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ስለ ልጆቻቸው ትምህርት እየጠየቁ ቆዩና «ከንፈርዎ ከበደዎት?» አሏቸው፤ ሰውየው ከንፈራቸውን በጣታቸው ነካክተው ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ድረስ ጥርሱን አልነኩትም። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከመጽሐፍ የማገኘው አይመስለኝም።

ሌላ ቅዳሜ መተሐራ ያደገ ወጣት ቡናማ ጥርሶቹን በእጁ ሸፍኖ ገባ። ዶክተሯ ጉድለቱ የመፋቂያ ወይም የጥርስ ሳሙና እንዳልሆነ፣ በስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ብዙ ፍሎራይድ ስላለው በልጅነት ጥርስ በሚሠራበት ጊዜ ውስጥ ገብቶ እንደሚያበላሸው ሲያስረዱት፣ እጁን ከአፉ ቀስ አድርጎ አወረደ።

ቀሪው ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በአብዛኛው ዕቃ ሲታጠብና በእንፋሎት ሲቀቀል መመልከት ነው፤ እግርም ያማል። ቅጹ የሚሞላው በሚቀጥለው ወር ሲሆን፣ ዶክተሯ ከዚያ በፊት አንድ የጥርስ ነርቭ ሕክምና ከጅምሩ እንድመለከት ይፈልጋሉ። ታካሚዋ ለመጪው ቅዳሜ 3 ሰዓት ተቀጥረዋል፤ እኔ ከጎን እንድቆምም ፈቅደዋል።