ዛሬ አባባን በመርፌ አከምናቸው

ከደምቢያ የመጡ አባት ናቸው። ጉበታቸው መግል ቋጥሯል፤ ትኩሳቱ ሰውነታቸውን ጨርሶታል። «ልጄ፣ ሆዴን ልትቀድዱት ነው?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ በመርፌ ነው» አልኳቸው።

ደማቸው በደንብ ይረጋ እንደሆነ የሚያሳየውን ምርመራ አየን። ቦታውን ብቻ አደነዘዝን። በአልትራሳውንድ እያየሁ መርፌ አስገባሁ፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ። በሽቦ የመግባቱን ዘዴ ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር በ1953 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተመው። መግሉ ሲወርድ አባባ «ተመስገን» አሉ። እኔም በሆዴ አልኩ።

ሆስፒታላችን የዩኒቨርሲቲ አይደለም። ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ፣ ማለትም እንዲህ በምስል እየተመሩ በመርፌና በቱቦ ማከም፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቁን የአንጂዮግራፊ ማሽን፣ የደም ሥርን በራጅ የሚያሳየውን፣ ነው። እሱ የለንም። ግን መግል ማውጣት፣ ናሙና መውሰድ፣ ሽንት ለታፈነበት ኩላሊት ቱቦ ማስገባት በአልትራሳውንድ ይጀመራል። ጎንደር ውስጥም ይጀመራል!

የሚከብደው ሌላ ነው። ቱቦ ያልቃል። ባለፈው ወር የታዘዘው ሳይደርስ ቀርቶ አንዲት እናት ወደ ሌላ ቦታ ላክን። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ደግሞ ቱቦ አስገብቶ መሄድ ሥራ አይደለም። ካልታጠበ ይደፈናል። ዛሬ ሲስተራችን ማንም ሳይነግራት በጨው ውሃ አጠበችው፣ የወረደውንም ለክታ መዘገበች። ሰርጀናችንም ራሱ ደውሎ ነው «እኚህን አባት አንተ እያቸው» ያለኝ። ድሮ እኔ ነበርኩ የምለምነው።

ማታ ስወጣ አባባ ሽሮ እየበሉ ነበር። ነገ በጠዋት አያቸዋለሁ።