ፖርት 7001 ላይ ማን ማን አለ? የአፕሊኬሽን ሰርቨር ልምምዴ እስካሁን

ባለፈው የኤስኪውኤል ኢንጀክሽኑን (በዌብ ገጽ በኩል ዳታቤዝን የማታለል ጥቃት) ልምምድ ጨርሼ ወደ አፕሊኬሽን ሰርቨር ደህንነት እሻገራለሁ ብያችሁ ነበር። ተሻግሬያለሁ። ክረምቱን እዚህ ደብረ ብርሃን ጋቢ ለብሼ ስታገል የከረምኩት ከዌብሎጂክና ከቶምካት ጋር ነው። ዌብሎጂክ ላፕቶፑን እንደ ጉድ ያግለዋል፣ በሐምሌ ብርድ ግን ማን ይጠላዋል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያላችሁት ተጠንቀቁ፣ እናንተ ጋ ሲሆን ሌላ ነው።

ለአዲሶቹ በአጭሩ ልናገር። አፕሊኬሽን ሰርቨር የድርጅቱ ፕሮግራም የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራመሩ የደመወዝ ወይም የመጋዘን ሥራውን ብቻ ይጽፋል፤ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘቱን፣ የተጠቃሚውን ሴሽን መያዙን፣ ትራንዛክሽኑን መቆጣጠሩን ሰርቨሩ ይሸከምለታል። የኦራክል ዌብሎጂክ፣ የአይቢኤም ዌብስፌር፣ የሬድ ሃት ጄቦስ አሉ። ቀለል ያለውን ለሚፈልግ አፓቼ ቶምካት አለ። ሁሉም ከጃቫ ቤት ናቸው።

የምለማመደው ዶከር ላይ ነው፣ ሶፍትዌርን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ ለብቻው የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ቨልሃብ የሚባል ነፃ ስብስብ አለ፤ ሆን ተብሎ ያልተጠገነ ሰርቨር አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ኢሜጆቹ (የተጠቀለሉት ፋይሎች) ትልልቅ ስለሆኑ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱ፣ መብራት ከሄደም ወርዶ ያለቀው ሌየር (የኢሜጁ ክፋይ) አይጠፋም። ካወረዳችሁ በኋላ ኔትወርኩን ዝጉት። ያልተጠገነ ዌብሎጂክ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶ መተኛት የለም። ሌላው ደግሞ፣ ይሄን ሁሉ በራሳችሁ ማሽን ላይ ብቻ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፣ «እየተማርኩ ነበር» ማለት አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው። ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ዲሲሪያላይዜሽን ነው፣ እሱ ካልገባችሁ የዌብሎጂክ ታሪክ ግማሹ አይገባችሁም። ጃቫ ሜሞሪ ላይ ያለን ኦብጀክት (ፕሮግራሙ የሚሠራበትን የመረጃ ቁራጭ) ወደ ባይት ቀይሮ በኔትወርክ ይልካል፣ ተቀባዩ ደግሞ ከባይቱ መልሶ ይሠራዋል። ችግሩ የትኛው ክላስ (የኦብጀክቱ ንድፍና ኮድ) ተነስቶ እንደሚሠራ የሚናገረው የመጣው ባይት ራሱ መሆኑ ነው። ሰርቨሩ የተባለውን ክላስ ያነሳል፣ ኦብጀክቱን ይሠራል፣ በመሥራት ላይ እያለ የክላሱ ኮድ ይሮጣል፣ «ይሄ እኔ የጠበቅኩት ዓይነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ነገሩ አልፏል።

አጥቂው አዲስ ኮድ መላክ እንኳን አያስፈልገውም። ሰርቨሩ ላይ ቀድሞ የተቀመጡ ክላሶችን አንዱን ከአንዱ ያያይዝና መጨረሻው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትእዛዝ እንዲሆን ያደርጋል። ጋጀት ቼይን የሚሉት እሱን ነው። በጣም የታወቀው አፓቼ ኮመንስ ኮሌክሽንስ ከሚባለው ላይብረሪ የተሠራው ነው። ይሄ ላይብረሪ ደግሞ የሌለበት ቦታ አልነበረም።

ታሪኩ ራሱ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ክሪስ ፍሮሆፍና ጋብርኤል ሎረንስ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ጉባኤ ላይ አቀረቡት፣ ጋጀት ቼይኑን የሚያዘጋጀውን ዋይሶሲሪያል የሚባል መሣሪያም ለቀቁ። ብዙ ሰው ከቁብ አልቆጠረውም። በኅዳር ወር ስቲቨን ብሪን ዌብሎጂክን፣ ዌብስፌርን፣ ጄቦስንና ጄንኪንስን በዚሁ መንገድ መግባት እንደሚቻል አሳየ፣ ያኔ ነው ሁሉም የተንጫጫው። የዌብሎጂኩ ቁጥር ሲቪኢ-2015-4852 ነው፤ ሲቪኢ ማለት ለታወቀ የደህንነት ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው።

ኦራክል ጠገነው። የጠገነበት መንገድ ግን አደገኛ የሆኑ ክላሶችን ስም ዘርዝሮ መከልከል ነበር። ሠርግ በር ላይ ዘበኛ አቁማችሁ «እነ እገሌን ብቻ አታስገባ፣ ሌላውን እለፍ በለው» እንደማለት ነው፤ እንግዳ የሚለየው በጥሪ ካርድ መሆን ነበረበት። ከዚያማ በየዓመቱ ሌላ ስም ይዞ የሚመጣ ሰው ተገኘ። ሲቪኢ-2016-0638፣ ሲቪኢ-2016-3510፣ ሲቪኢ-2017-3248፣ ሲቪኢ-2018-2628። እነዚህን በተርታ ማንበብ ከየትኛውም ኮርስ በላይ አስተምሮኛል። እያንዳንዱን ስታዩ «ያለፈው ጥገና ምን ረሳ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ኤክስፕሎይት (በቀዳዳው የሚገባ ፕሮግራም) ማስኬድ ትምህርት አይደለም። መሣሪያውን አውርዶ አድራሻ ሞልቶ መጫን ማንም ይችላል፣ ስክሪኑ ላይ «ሩት» (የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን) ሲል ደስ ይላል፣ በማግስቱ ምንም አልቀረም። እኔን የጠቀመኝ ሰርቨሩን አስነስቶ ዝም ብሎ ማየት ነው። ኤስኤስ በምትባለዋ የሊኑክስ ትእዛዝ የትኞቹ ፖርቶች (ሰርቨሩ ከሌላው ጋር የሚገናኝባቸው ቁጥር ያላቸው በሮች) እንደተከፈቱ አየሁ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ «ይሄ ለማን ተብሎ ነው የተከፈተው?» እያልኩ ሰነዱን አነበብኩ።

ዌብሎጂክ ላይ ነገሩ ጉድ ነው። ፖርት 7001 አንድ ነው፣ በውስጡ ግን የሌለ የለም። ተራው ተጠቃሚ የሚያየው ገጽ እዚያው ነው። የአድሚን ኮንሶሉ (ሰርቨሩ የሚተዳደርበት ገጽ) እዚያው ነው። ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቲ3 የሚባለው ፕሮቶኮልም እዚያው ነው። አይአይኦፒ የሚባለው ሌላ ፕሮቶኮልም እዚያው። ስለዚህ ፋየርዎል ላይ «7001ን ለተጠቃሚ ክፈት» ሲባል የተከፈተው ሁሉም ነው። በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፍቼ የቲ3ን ንግግር አየሁት፤ ደንበኛው ገና ሰላም ሲል ሰርቨሩ የራሱን ቨርዥን ይናገራል፣ 10.3.6 ነኝ ይላል። ማን ነህ ብሎ የጠየቀ የለም። ቀጥሎ ኤሲ ኢዲ 00 05 ብለው የሚጀምሩ ባይቶች ይመጣሉ። እነሱን ካያችሁ የጃቫ ኦብጀክት እያለፈ ነው ማለት ነው፣ ይሄን ምልክት በቃል ያዙት።

መፍትሔው ኮንሶሉ ውስጥ አለ። ኮኔክሽን ፊልተር ይባላል፣ ቲ3ን ከተወሰኑ አድራሻዎች በቀር ለሁሉም መዝጋት ይቻላል። ሞክሬው ሠርቷል። ቲ3 መዘጋቱ ግን ሁሉን አይፈታም። ሲቪኢ-2017-10271 የሚመጣው በተራው ኤችቲቲፒ ነው፣ ኤክስኤምኤል ተቀብሎ ወደ ኦብጀክት የሚቀይር አንድ የዌብ ሰርቪስ አለ፣ በእሱ ይገባሉ። በዚያ ቀዳዳ የገቡት ብዙዎቹ መረጃ እንኳን አልሰረቁም፣ የሰውን ሰርቨር ሞኔሮ ክሪፕቶ ማስቆፈሪያ አደረጉት። በሚያዝያ 2019 የወጣው ሲቪኢ-2019-2725 ደግሞ ሶዲኖኪቢ ለሚባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) መግቢያ ሆነ። ኮንሶሉ ራሱም አልተረፈም፤ በጥቅምት 2020 የተጠገነው ሲቪኢ-2020-14882 ያለ ፓስወርድ ኮንሶል ውስጥ ያስገባ ነበር፣ ጥገናው ወዲያው ታልፎ ኦራክል በኅዳር መጀመሪያ ሌላ አስቸኳይ ፓች (ጥገና) ለመልቀቅ ተገደደ።

ቶምካት ከዚህ ይቀላል። ቢሆንም ጎስትካትን ሞክሩት፣ ሲቪኢ-2020-1938 ነው። ቶምካት ፊቱ ከሚቆም ዌብ ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት ኤጄፒ የሚባል ፕሮቶኮል አለው፣ ፖርት 8009። ማንም ባይጠቀምበትም ክፍት ሆኖ ነበር የሚመጣው። በእሱ በኩል የአፕሊኬሽኑን የውስጥ ፋይሎች ማንበብ ይቻል ነበር፣ የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበት ኮንፊግ ጭምር። በ9.0.31 ላይ ነው በነባሪ የተዘጋው። የቆየ ቶምካት ያላችሁ ኮንፊጉን ከፍታችሁ 8009 የሚል መስመር ፈልጉ።

ሎግፎርሼልን (ታኅሣሥ 2021፣ በአደገኛነት ከ10 10 የተሰጠው) ለብቻው ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። አሁን የምለው አንድ ነው፤ ቀዳዳው ያለው ሎግፎርጄ በሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ነው፣ ላይብረሪው ደግሞ ከአፕሊኬሽኑ ጋር ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ሰርቨሩን ብቻ አፕዴት አድርጎ መተኛት አያስኬድም።

አንድ የማከብራቸው ጎልማሳ ባለሙያ አሉ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች በእጃቸው ናቸው። ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ዌብሎጂኩን መቼ ነው ፓች ያደረጉት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እየሠራ ያለ ነገር አይነካም።»

«ቢገቡበትስ?»

«በወር መጨረሻ ሲስተሙ አልነሳ ቢል ሠራተኛው ደመወዜን ብሎ የሚመጣው ኦራክል ዘንድ ነው ወይስ እኔ ዘንድ?»

መልስ አጣሁ፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ የኢኩዊፋክስን፣ የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዘውን የአሜሪካ ኩባንያ ነገር አነሳሁላቸው። የአፓቼ ስትራትስ (የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን መሥሪያ) ፓች በመጋቢት 2017 ወጣ፣ አጥቂዎቹ ግንቦት ላይ በዚያው ቀዳዳ ገቡ፣ የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጣ። «ሁለት ወር ሙሉ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና የሙከራ ኮፒ ካለ መጀመሪያ እዚያ ላይ መሞከር ይቻላል አሉ፣ እስከዚያ ቲ3ን መዝጋቱን ግን ወዲያው ተስማሙ።

ከእሳቸው ጋር ስናወራ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ኦራክል ፓች የሚለቀው በዓመት አራት ጊዜ ነው፣ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት። የጥር ወሩ ፓች ጥምቀት ሰሞን ላይ ይወድቃል። ታቦት ለመሸኘት ሁሉም በወጣበት ሰዓት ፓቹ ምን እንደጠገነ እያነበቡ ኤክስፕሎይት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ደግሞ ጥምቀትን አያከብሩም። የአይቲ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ተራ ስታወጡ ይሄን አስቡበት።

ቀጥሎ የያዝኩት የጃቫ የራሱ ማጣሪያ ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ የትኞቹ ክላሶች እንዲነሱ እንደተፈቀደ መዘርዘር ይቻላል፣ ወደ ቆዩት ቨርዥኖችም መልሰው አምጥተውታል። ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ሠርቶልኛል። ትልቅ አፕሊኬሽን ላይ ግን የሚፈቀደውን ዝርዝር ማውጣት አድካሚ ነው፣ አንድ ክላስ ስትረሱ የሆነ ገጽ ዝም ብሎ ይሞታል፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሎጉን መበርበር ነው። ይሄን በሥራ ላይ ያደረገ ካለ ዝርዝሩን እንዴት እንደሰበሰበ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ዌብስፌር ላይ የሠራ ካለም ይጻፍልኝ፣ እሱን ገና አልነካሁትም። መሐል ሜዳ ያላችሁ ልጆች የወረዱትን ኢሜጆች በፍላሽ ላካፍላችሁ እችላለሁ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጡ ብቻ 32 ጊጋ ያዙ፣ 16 አይበቃም።