ሌሊቱን ለምን ነቅተው ያድራሉ?

ጅማ ውስጥ ተማሪ መጠይቅ ይዞ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ማየት ብርቅ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከመሠረቱት ተቋማት አንዱ የሆነው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ከተጀመረ አንስቶ ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር ያቆራኘ ነው። ሲቢቲፒ (ተማሪዎች ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሚማሩበት ሥልጠና) እና ቲቲፒ (የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን የሚወጡበት ሥልጠና) ሲባል ብዙ የከተማው ሰው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ልጆቹ ሽንት ቤት ያያሉ፣ ስለ ውኃ ይጠይቃሉ፣ ስለ ክትባት ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ሁሉ ጉልበት ጧሪ ቀባሪ አጥተው በመጦሪያ ግቢ የሚኖሩት አረጋውያን ጋ ሲደርስ ማነሱ ነው። የሚመጣ ቢኖርም መጠይቁን ሞልቶ ይሄዳል። ውጤቱን ይዞ የሚመለስ ግን አላየሁም።

ነርስ ነኝ፣ እረፍት ሳገኝ አንድ መጦሪያ ግቢ እየሄድኩ አግዛለሁ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ተንከባካቢ ያለችኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙዎቹ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳሉ፣ በር ይነካካሉ፣ ይጣራሉ፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። በሽታ ነው፣ እርጅና ነው ይባላል። እሷ ደግሞ እንዲህ አለች፦ "እራት በአሥራ አንድ ሰዓት እናበላለን፣ አንድ ሰዓት ላይ መብራት እናጠፋለን። እኔስ ብሆን በአንድ ሰዓት ብተኛ ስምንት ሰዓት ላይ አልነቃም እንዴ?"

ቁጠሩት። ሰባት ሰዓት ነው። ሰዎቹ እኮ እንቅልፋቸውን ጨርሰዋል!

እራቱ የሚቀድመው የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ሳይመሽ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ቤታቸው መግባት ስላለባቸው ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ግን ሌሊት የሚረብሽ ሰው የእንቅልፍ ክኒን ይታዘዝለታል። ክኒኑ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያለን ሰው ያንገዳግደዋል፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ይወድቃል፣ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ብዙው ሰው እንደ ድሮው አይራመድም። መነሻው የእራት ሰዓት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይችላል ነው የምለው፣ አልተፈተሸማ። ለመፈተሽ ደግሞ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ማን ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ ቀን ምን ያህል እንዳሸለበ፣ የከሰዓቱን ቡና ስንት ሰዓት እንደጠጣ በደብተር መመዝገብ፤ ከዚያ እራቱንና መኝታውን ገፋ አድርጎ እንደገና መመዝገብ። እነሱንም መጠየቅ፣ ማታ ምን ማድረግ ትወዳላችሁ ብሎ።

ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር በደንብ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ በአንድ መጦሪያ ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች የራሳቸውን ኑሮ ራሳቸው እንዲወስኑ ነገሯቸው፤ የሚንከባከቡት ተክል ሰጧቸው፣ ፊልም የሚያዩበትን ምሽት አስመረጧቸው። ለሌላው ፎቅም ተክል ተሰጠ፣ ውኃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ሐሳቡ ለእኛ ቅርብ ነው። ጅማ ላይ ተክሉን በቡና መተካት ይቻላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎረቤት ሰብስበው ቡና ያፈሉ እናቶች፣ እዚህ ከገቡ በኋላ የተፈላ ቡና በሲኒ ይቀርብላቸዋል። በአክብሮት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለቀማውን እነሱ ቢይዙት፣ ረከቦቱን ቢያሰናዱ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ደግሞ ቢቆሉ ምን ይለወጣል? ይሄም በደብተር የሚያዝ ጥያቄ ነው።

አሠራሩንም ቢሆን ማየት የምንችለው አለ። ኔዘርላንድስ፣ ሊምቡርግ ክልል ውስጥ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲና የአረጋውያን እንክብካቤ ተቋማት ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብረው ይሠራሉ። አንድ ተመራማሪ በሳምንት አንድ ቀን መጦሪያው ውስጥ ይውላል፤ ከመጦሪያው የመጣ ባለሙያ ደግሞ በተራው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይሠራል። ጥያቄው ከሥራው ይነሳል፣ መልሱም ወደ ሥራው ይመለሳል። እኛ ጋ የቲቲፒ ተማሪዎች ከየሙያው ተውጣጥተው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ አይደል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ቡድን መጦሪያ ቢመደብ፣ ቀጣዩ ዙር ደግሞ ያንኑ ደብተር ተረክቦ ቢቀጥል ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ፈቃድ። ነጻ ምግብና መኝታ የሚያገኝ ሰው "በጥናቱ ይሳተፋሉ?" ሲባል እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ የሚያበላኝን እንዴት አስቀይማለሁ ይላል። ስለዚህ የሚጠይቃቸው የግቢው ኃላፊ መሆን የለበትም፣ እምቢ ማለት ምንም እንደማያስቀርባቸውም ደጋግሞ ሊነገራቸው ይገባል። ቋንቋም አለ። እዚህ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምኛ የሚናገሩ አሉ፣ የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የልጅነት ቋንቋው ነው። በማይገባቸው ቋንቋ ተነቦላቸው በጣት አሻራ የተገኘ ፈቃድ እኔ ፈቃድ አልለውም።

ተንከባካቢዎቹስ? ሠላሳ ሰው አጥበው፣ አብልተው፣ አልጋ ቀይረው ሲያበቁ ደግሞ መዝግቡ ቢባሉ ግፍ ነው። የሚመዘግቡበት ሰዓት ከሥራ ሰዓታቸው ላይ ይነሳላቸው፣ ካልሆነ ይከፈላቸው። ድጋፍ የሚሰጥ አካል ካለ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወርክሾፕ የሚታሰበው።

ዘንድሮ የምረቃ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ የእንቅልፉን ጥያቄ ውሰዱት፣ እኔም አግዛችኋለሁ። የዚያች ተንከባካቢ ስም ግን ምስጋና ገጽ ላይ ብቻ እንዳይቀር፤ ፈቃደኛ ከሆነች ከአዘጋጆቹ ተርታ ይግባ።