ማሽኑ ደህና ነው

የባዮሜዲካል ሰው (የህክምና ማሽን ጠጋኝ) ስትጠሩ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ሆስፒታል የሰራችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ትደውላላችሁ፣ ነገ "መንገድ ላይ ነኝ" ይላችኋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ መለዋወጫው ጠፋ ይባላል። ያን ለሊት ግን የባዮሜዲካሉ ልጅ ከኛ በታች ያለው ዋርድ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ሊሰራ ገብቶ ስለነበር ስልኩን ሳልዘጋው ከች አለ። ያ ባይሆን ኖሮ ይሄን ታሪክ የምሰማው ሞርታሊቲ ሚቲንግ (የሞቱ ህሙማን ኬዝ የሚገመገምበት ስብሰባ) ላይ ነበር።

ቦታው መሀል አዲስ አበባ ነው፣ ከዛ በላይ አልናገርም። ኤንአይሲዩ (የጨቅላ ህፃናት ፅኑ ህሙማን ክፍል) ነርስ ነኝ። ለሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ አንድ አራተኛ ቀኑን የያዘ ህፃን መጣ። 3 ኪሎ ነው፣ ጤና ጣቢያ በሰላም ተወልዶ በ24 ሰዓቱ ቤቱ የገባ፣ አፕጋሩ (ሲወለድ የሚሰጠው የጤና ነጥብ) ምኑ ሁሉ አሪፍ። አሁን ጡት እምቢ ብሏል፣ ያቃስታል፣ አመድ መስሏል፣ ከትናንት ጀምሮ ሽንት የለም። እናትየው አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ስለጠፋ የምታወራው አያትየው ናት። "ልጄ" አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "ይሄ ልጅ ከትናንት ወዲያ እየጠባ ያልበው ነበር እኮ፣ ጡቱ ዳገት ሆነበት፣ ሁለት ጎትቶ ያርፋል።" እኔ ላቡን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ፣ እየጠባ የሚያልበው ልጅ ልቡ ይጠረጠራል። ሬዚደንታችን (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለው ሀኪም) ካርዱ ላይ "ፑር ፊዲንግ" (በደንብ አይጠባም) ብሎ ፃፈና አለፈ። ላቡ አልተፃፈም።

ስለ ሬዚደንቱ አንድ ነገር ልበል። መጥፎ ልጅ አይደለም፣ ያነባል፣ እጁም ጥሩ ነው፣ ቬይን ሲጠፋ እሱን ነው የምንጠራው። ግን መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። ደግሞ እናቱ ባልሆን ታላቅ እህቱ እሆናለሁ፣ እኔ "ዶክተር ይዩልኝ እስኪ" እያልኩ እሱ "አንቺ ሲስተር" ነው የሚለኝ። ይሄን ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። አናዶኝ ነዋ።

አርቢኤስ (የደም ስኳር) ስናይ 31፣ ዝቅ ያለ። በቃ ተገኘ። ያለን ያው ባለ 40 ፐርሰንቱ ግሉኮስ ነው፣ አንድ ተኩል ሲሲ ከሱ አራት ተኩል ውሃ አድርጌ ስድስት ሲሲ ባለ 10 ፐርሰንት አዘጋጅቼ ቀስ ብዬ ሰጠሁት፣ ሜንቴናንሱን (በቀጣይነት የሚገባውን ፈሳሽ) አያይዤ ጀመርኩ፣ አንቲባዮቲኮቹ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲንም ገቡ። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ስንደግመው 74 ሆነ። ሬዚደንቱ "ሃይፖግላይሴሚያ ከሴፕሲስ ጋር፣ አለቀ" (የስኳር ማነስ ከደም ኢንፌክሽን ጋር ማለቱ ነው) ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ልጁ ግን አላለቀለትም። ስኳሩ ተስተካክሎም ያቃስታል፣ እግሩ ላይ ተጭኜ ስለቅ ደሙ ለመመለስ ዘመን ይፈጅበታል። የታመመ ህፃን እኮ ስኳሩ የሚወርደው በምንም ምክንያት ነው፣ መውረዱ በሽታው ይሄ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄን ለሱ መንገር የኔ ስራ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። እስከዛ ድረስ።

የኦክስጅን መለኪያውን ፕሮብ ቀኝ እጁ ላይ አድርገነው 97 ፐርሰንት ይላል። እኔ ነቅዬ እግሩ ላይ አደረግኩት። 83።

"አንቺ ሲስተር፣ ፕሮቡ እግር ላይ ምን ይሰራል?"

"እጅና እግሩን ላስተያየው ብዬ ነው ዶክተር። አስራ አራት ይለያያል።"

"እግሩ ቀዝቅዞ ነው። እግር ይዋሻል። እጁ 97 ካለ 97 ነው።"

እሺ፣ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የሚያጋጥም ነገር ነው። እግሩን በመዳፌ ይዤ ዋርመሩ ስር አሞቅኩት፣ ሮዝ ባይሆንም ሞቀ። 83። ሌላኛውን እግር አደረግኩ፣ 82። ፕሮቡን ቀየርኩ፣ ያው። ሬዚደንቱ መጥቶ ስክሪኑን አየና እጁን ኪሱ ከቶ ምን አለ መሰላችሁ፣ "ማሽኑ ነው። ባዮሜዲካል ጥሪ።" ኦክስጅኑንም ከፍ አደረገው። እኔ ማሽኑን እንዳልጠረጠርኩት ፊቴ ላይ ይታይ ነበር መሰለኝ "ጥሪ ስልሽ" ብሎ ጨመረልኝ።

ጠራሁ። የባዮሜዲካሉ ልጅ በእጁ ካቻቢቴ እንደያዘ ገባ። ኬብሉን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ፕሮቡን ጣቱ ላይ ጠቀለለው፣ 98። "ሰራ" አለ። ሬዚደንቱ "እጅ ላይማ ይሰራል፣ እግር ላይ ነው የሚያበላሸው" አለው። በአምላክ፣ እንደዚህ ነው ያለው። ልጁ ትንሽ አየው፣ አየኝ፣ ከዛ አንዱን ወንበር ስቦ ቁጭ አለና ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ፕሮቡን አውራ ጣቱ ላይ ጠቀለለው። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኤንአይሲዩ ውስጥ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ባዶ እግሩን ዘርግቶ አራታችን ስክሪን ላይ አፍጥጠናል፣ አንዷ ኢንተርን ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። 97 አለ። ካልሲውን እየሳበ፣ ምንም ሳይስቅ፣ እንዲህ አለ፦

"ዶክተር፣ ማሽኑ ደህና ነው። የልጁ እጅና እግር ግን የአንድ ሰው አይመስሉም።"

እኔ በስራ ዘመኔ ከዚህ የተሻለ ፕረዘንቴሽን አልሰማሁም።

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ህፃኑ ሆድ ውስጥ እያለ ሳንባው ስራ ስለማይሰራ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ትልቅ ደም ስር ወደ አዎርታ (ከልብ ለመላ አካል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ስር) በቀጥታ የሚያሻግር ዳክተስ የሚባል አጭር መንገድ አለ። ሲወለድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዘጋል። አዎርታው እዛው ጋ የጠበበ ልጅ ግን ታችኛው አካሉ ደም የሚያገኘው በዛች መንገድ ነው፣ ያ ደም ደግሞ ሳንባ ያላየ፣ ኦክስጅኑ ያነሰ ነው። ቀኝ እጅ ደሙን የሚቀበለው ከጥበቱ በፊት ስለሆነ "ሰላም ነው" ይላል። ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያ ቀን ሲታይ ምንም አይልም፣ እናቱ አቅፋው ቤቷ ትሄዳለች፣ ሶስት አራት ቀን ሆኖት መንገዷ መዘጋት ስትጀምር ኩላሊቱም አንጀቱም እግሩም ደም ያጣል፣ እኛ ጋ ሲመጣ ኢንፌክሽን ይመስላል። የሚያናድደው ደግሞ ኦክስጅን ራሱ ዳክተሱን እንዲዘጋ ነው የሚገፋው። ያ ከፍ ያለው ኦክስጅን ትዝ ይበላችሁ።

ሬዚደንቱ፣ እዚህ ላይ ሀቁን ልስጠው፣ አንዴ ከገባው አልተከራከረም። ብሽሽቱ ላይ ጣቱን አድርጎ ፐልስ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ከዛ የራሱን ትንፋሽ ይዞ ፈለገ። የለም። የእጁና የእግሩ ፕሬዠር ሲለካ (ልኩ የሆነው የፕሬዠር ማሰሪያ አንድ ብቻ ስለሆነ ከእጅ ፈትተን ወደ እግር) ላይኛው ከታችኛው ከሃያ በላይ ይበልጣል። ሲኒየሯ ጋ ደወለ። ስልኩን ላውድ አድርጎት ነበርና ሰማኋት፣ እንቅልፍ ላይ ናት ግን ጥያቄዋ አልተኛም፦ "በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ የወደቀ ህፃን ሲመጣ ሶስቱን አንድ ላይ አስቡ እያልኩ አልነበር? ኢንፌክሽን፣ ልብ፣ ሜታቦሊክ። ፌሞራል፣ የብሽሽቱ ፐልስ፣ አለ?" "የለም" አለ። "መቼ ነው ያያችሁት?" ዝም። "ኦክስጅኑን ቀንሱ። ፕሮስታግላንዲን አለን?"

የለንም። ዳክተሱን ከፍቶ የሚያቆየው መድሃኒት እሱ ነው፣ እኛ ፍሪጅ ውስጥ ግን የለም። አባትየው የታክሲ ሹፌር ነው፣ የመድሃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ፅፈን ሰጠነው፣ አያትየው የሻይ ፔርሙዟን ባዶ አድርጋ አቀበለችው፣ ቀዝቃዛ መቆየት አለበት ስላልን በረዶ ይዞበት ይምጣ ብላ። ከተክለሃይማኖት እስከ ስታዲየም ያልቀሰቀሰው ዘበኛ የለም። ሊነጋጋ ሲል መጣ። ፔርሙዙ ውስጥ በረዶ፣ በረዶው መሀል በፌስታል የተጠቀለለ አንድ አምፑል። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ እሱም ለሚስቱ አልነገራትም።

500 ማይክሮግራም ነው፣ 50 ሲሲ ላይ በጠበጥኩት፣ ለ3 ኪሎ ልጅ በ0.05 (ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ) ሲጀመር በሰዓት 0.9 ሲሲ ይመጣል። ሁለታችንም ለየብቻ አስልተን አስተያየነው። ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል አምቡ ባጉን (በእጅ እየጨመቅን የምንተነፍስበትን) ራስጌው አስቀምጬ ቆምኩ፣ እንደፈራሁትም አንዴ አቆመ፣ ጥቂት ጊዜ ተነፈስኩለት፣ ተመለሰ። ሬዚደንቱ የእግሩን ሳቹሬሽን (የኦክስጅን መጠን) ያያል፣ 84፣ 83፣ 85። "አልሰራም" አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። መንገዷ ስትከፈት ወደ እግር የሚሄደው ደም ይበዛል እንጂ ደሙ ያው ሳንባ ያላየው ደም ነው፣ ቁጥሩ ላይወጣ ይችላል። እኔ ስክሪኑን ትቼ ዳይፐሩን ነበር የምዳብሰው። ሲነጋ ረጠበ። ብሽሽቱ ላይም ፐልሱ መጣ፣ ደካማ ግን መጣ። አያትየውን ጠርቼ እርጥቡን ዳይፐር አሳየኋት፣ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እጄን አፏ ላይ አደረግኩ፣ ህፃናቱ ተኝተዋላ።

ጠዋት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሰራለት፣ ኮአርክቴሽን ኦፍ አዎርታ፣ ያው የአዎርታው ጥበት። ከዛ ያለው ሩጫ፣ ሪፈራሉ፣ ደብዳቤው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ህሙማን ህፃናት ማዕከል (ቴክስት እየላክን የምናዋጣለት)፣ ረጅም ነው። እዛ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ልጅ ብዛት ልብ ይሰብራል፣ ብዙዎቹ ደግሞ እንደዚህ አብሮ የተወለደ ሳይሆን ያልታከመ ቶንሲል ልባቸው ላይ የወጣባቸው፣ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን (ፔኒሲሊን) የሚወጉ ናቸው፣ እሱ ሌላ ንዴት ስለሆነ ሌላ ቀን። ልጁ ተሰርቶለታል፣ አባትየው አሁንም ለበዓል ይደውላል።

ወደ ሞርኒንግ (የጠዋቱ የኬዝ ስብሰባ) ልመለስ። ሬዚደንቱ ኬዙን አቀረበ። "በምርመራ ወቅት በእጅና በእግር መካከል የሳቹሬሽን ልዩነት አስተዋልን" አለ። አስተዋልን! ሲኒየሯ መነፅሯን ዝቅ አድርጋ "ማን ነው እግሩን የለካው?" አለች። "ቲሙ" አለ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሀንድኦቨር (ተረኛ ማስረከብ) እየጨረስኩ ነበር። ቲሙ ውስጥ አንድ ባዶ እግሩን የነበረ ሰው እንዳለ ልናገር ነበር፣ ተውኩት። በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ቆንጆ ላሚኔት የሆነ ወረቀት ተለጠፈ፦ ማንኛውም ህፃን ከመውጣቱ በፊት ቀኝ እጅና አንድ እግር ይለካ፣ አንዱ 95 ወይም በላይ ሆኖ ልዩነቱ ከ3 ካልበለጠ ያልፋል፣ ከ90 በታች ወዲያው ይጠራ። ትክክል ነው፣ ሁሉም ትክክል ነው። ከስር የሬዚደንቱ ስም አለ። ለባዮሜዲካሉ ልጅ ሳሳየው "የኔን እግር ፎቶ ማድረግ ነበረባቸው" አለ።

ከዛ ወዲህ እኛ ክፍል እግር የማይለካ የለም፣ ፅዳቷ ሳትቀር "እግሩ ስንት አለ?" ትላለች። ሁሉም ሰው ዳክተስ ያያል። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ በመስኮት እየገባ ባለበት አንድ ለሊት፣ ሌላ ህፃን እግሩ 85 አለ፣ እጁ 97። ፐልሱ ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ይሸናል፣ ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው። ኢንተርኗ ጮኸች፣ ሲኒየሯ ተደወለላት፣ አባትየው መድሃኒት ፍለጋ ሊሮጥ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነው። ሬዚደንቱ በዲዩቲው ነበር። ዝም ብሎ መጣ፣ የልጁን እግር በእጁ ያዘ፣ እናትየው የሰራችለትን የክር ካልሲ አንስቶ አለበሰው፣ በብርድ ልብስ ጠቀለለው፣ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ፕሮቡን መልሶ አደረገ። 96።

አባትየውን "ቁጭ ይበሉ" አለው። ከዛ ወደኔ ዞረ።

"አንቺ ሲስተር፣ እግር ይዋሻል አላልኩሽም ነበር?"

ምን ልበለው። ብሎኛል።