ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት ፎቁን በዞን ክፈሉት

ጎንደር ላይ ሆቴል የሚያሠራ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ቢቲዩ ይበቃናል?» ብሎ ነው (ቢቲዩ የኤሲ አቅም መለኪያ ነው)። እኔም «ወደ ምዕራብ የሚያዩት ክፍሎች የትኞቹ ናቸው?» እላለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል። ግን ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፣ ታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ ይደረባል። በአንድ ፎቅ ላይ እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምዕራቡ ክፍል ይጋገራል፣ የምሥራቁ ደኅና ነው። እና ኮሪደር ላይ አንድ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ኤሲውን የሚያበራና የሚያጠፋ) ሰቅለው፣ ፀሐይም መስኮትም የማያውቀው ኮሪደር ለሁሉም እንግዳ እንዲወስን ያደርጋሉ!

ዞን ማለት በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ነገር የሚፈልጉ ክፍሎችን ሰብስቦ የራሳቸውን መቆጣጠሪያ መስጠት ነው። እኔ ምዕራቡን፣ ምሥራቁን፣ ከጣሪያ ሥር ያለውን ፎቅና አዳራሹን እለያያለሁ። አዳራሹን ለብቻው የማደርገው ሙቀቱ ከሰው ስለሚመጣ ነው። ቁጭ ያለ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። 200 ሠርገኛ ካለ 20 ኪሎዋት ሆነ፤ ይህን ብቻ ለማውጣት ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ስድስት ያህል ያስፈልጋል። ሠርግ በሌለበት ቀን ግን ምንም።

ሰሜንና ደቡቡ ብዙም አያሳስበኝም። እዚህ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በታኅሣሥ እንኳ ከፍ ብላ ስለምትቆም ከመስኮቱ በላይ አጭር ጥላ ይበቃል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ምዕራቡ ነው ችግሩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ቀጥታ ስለምትገባ ከላይ የሚሠራ ጥላ አይመልሳትም። መከለያው ከመስታወቱ ውጭ ይሁን፣ ውስጥ መጋረጃ ብትሰቅሉ ሙቀቱ አንዴ ገብቷል። (ፒያሳ ፊት ለፊቱን በሙሉ መስታወት የሚያለብሱ ሰዎች ግን የፋሲልን ግንብ ውፍረት አይተውት አያውቁም?)

ሌላው ብዙ ሻጭ የሚዘለው ነገር፦ አየራችን ስስ ነው። ክብደቱ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ካታሎግ ላይ ያለው ፋን እዚህ ያንን ሙቀት አያጓጉዝም። ፋኑን ስትመርጡ ለዚህ ማስተካከያ አድርጉ።

በዳክት (አየሩን ወደ ክፍሎቹ በሚያደርስ ትልቅ ቱቦ) የምትሠሩ ከሆነ ዳምፐሮቹ (የዳክቱ መዝጊያዎች) ተዘግተው አንድ ዞን ብቻ ሲቀር ፋኑም ኮምፕረሰሩም መቀነስ አለባቸው፤ ፋኑ ካልቀነሰ ዳክቱ ያፏጫል፣ ኮምፕረሰሩ ካልቀነሰ ኮይሉ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) በረዶ ይሠራል። ቪአርኤፍ (አንድ የውጭ ማሽን ለብዙ ክፍል የሚያገለግልበት) ያምራል፣ ባለ ሦስት ቱቦው አንዱን ክፍል እያሞቀ ሌላውን ያቀዘቅዛል። ግን ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ለትንሽ ሆቴል እኔ የሚያሞቅም የሚያቀዝቅዝም ኢንቨርተር ስፕሊት (ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ የሚቀይር፣ አንዱ አካሉ ውጭ አንዱ ውስጥ የሚሰቀል ኤሲ)፣ ለሚያስፈልገው ክፍል ብቻ እመርጣለሁ። ለጥምቀት ሁሉም ክፍል ይሞላል፣ በክረምት ግን ግማሹን ፎቅ መዝጋት ትችላላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስም ሁሉም በአንዴ ተነስተው ጄኔሬተሩን እንዳያንቁት ዞን በዞን እንዲነሱ አድርጉ።

ገንዘቡ አሁን ከሌለ ማሽኑ ይቆይ። ቱቦውን፣ ገመዱንና የውኃ መውረጃውን ግን ግድግዳው ሳይለሰን አስቀብሩ፣ መውረጃውም ተዳፋት ይኑረው።