የዳማዋ ብሩሽ

ድንክ ፈረሶች እየተንከባከብኩ ልጆች ማስጋለብ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። 6 ድንክ ፈረሶች አሉን። የምንጠራቸው በመልካቸው ነው፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ እያልን። የሁሉም ታናሽ ዳማዋ ናት። እኛ ጋ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም።

አንድ ቀን ጠዋት ኮርቻ ልጭናት ስል ከፊት እግሯ ክርን ኋላ፣ ልክ የኮርቻው ጠፍር በሚያልፍበት ቦታ፣ ሳንቲም የሚያክል ነገር አየሁ። ፀጉሩ ቆሟል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ከነቅርፊቱ ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ቅርፊቱ አመድ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ደግሞ ሮዝ ሆኖ ራቁቱን ቀርቷል።

ጠፍሩ ፈግፍጓት ነው አልኩ። ወቅቱም የብርድ ጊዜ ፀጉራቸውን የሚጥሉበት ስለነበር ብዙ አላስጨነቀኝም። ግን እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ። ፈረስ ፀጉር ሲቀይር አሮጌው የሚረግፈው አዲሱ ከሥር እየመጣ ነው። ቆዳው ባዶውን አይቀርም። እኔ ግን ከመድኃኒት ሳጥኑ ስቴሮይድ ያለበት የተረፈ ቅባት አወጣሁና ቀባኋት። ለሁለት ሦስት ቀን ቅላቱ ቀነስ አለ። ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የዳማዋ 1 ቦታ 7 ሆነ። ቦራው አንገቱ ላይ፣ ጉራቻዋ ጎኗ ላይ እንደዚያው አወጡ። እኔም ክንዴ ላይ ዙሪያው ቀልቶ መሃሉ የጠራ ቀለበት ወጣብኝ፤ ያሳክከኛል። ያን ጊዜ ሐኪም ጠራን።

የእንስሳት ሐኪሟ መድኃኒት ከማውጣቷ በፊት ብዙ ጠየቀች።

«ግድግዳ ላይ ትፋተጋለች?»

«ኧረ የለም፣ ዶክተር።»

ጋማዋን እየከፈለች በባትሪ አየች፤ ቅማልና የቅማል እንቁላል ፍለጋ ነው። ጋማዋና የጭራዋ ሥር ተፈትጎ ቢሆን ኖሮ የደቃቅ ትንኞች ንክሻ የሚያመጣውን አለርጂ እንጠረጥር ነበር አለችኝ። ጀርባዋንም በመዳፏ ዳበሰችው። ዝናብ የሚያባብሰው የባክቴሪያ ሕመም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ፀጉሩም እንደ ቀለም ብሩሽ ጫፍ ተጣብቆ ይነሳል። የዳማዋ ግን ክብ ክብ ነው፣ ብዙም አያሳክካት፣ ደግሞም ዕቃ የሚነካት ቦታ ላይ ነው የጀመረው።

«ጭርት ነው የሚመስለው» አለች።

ከዚያ በወረንጦ ፀጉር ነቀለች። ከመሃል ሳይሆን ከጠርዙ፣ ገና ከሚረግፈው። ሕያው ፈንገስ የሚገኘው እዚያ ነው። በወረቀት ፖስታ አሸገችው፤ በላስቲክ ከሆነ ስለሚያልበው ሌላ ሻጋታ ይበቅልበታል። በአልትራቫዮሌት መብራት አይታይም ወይ ስላት፣ ፈረስ ላይ በብዛት የሚገኘው የጭርት ፈንገስ በዚያ መብራት አያበራም አለችኝ። የምርመራው ውጤት ሳምንታት ስለሚፈጅ እስከዚያው እንዳለባት ቆጥረን መሥራት ነበረብን። ስለ ቅባቱ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ስቴሮይድ ቅላቱን ያጠፋል፤ ቆዳው ፈንገሱን የሚታገልበትን አቅምም አብሮ ያዳክማል።

«በምንድነው የምታበጥራት?»

ብሩሹን ሰጠኋት። ገለበጠችው። በጥርሶቹ መካከል የዳማው፣ የጥቁሩና የነጩ ፀጉር አንድ ላይ ተጠቅልሏል። አንድ ብሩሽ ለ6 ፈረስ! በየጠዋቱ ከአንዷ ወደ ሌላው ሳዞር የነበርኩት እኔው ነኝ። ምልክቱ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ስለሚወስድ፣ ዳማዋ ላይ ባየሁበት ጠዋት ለሌሎቹም ሳላዳርስ አልቀረሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ስልኩ ነው። የዳማዋን አንገት አቅፋ ካልተሰናበተች የማትሄድ የ9 ዓመት ልጅ አለች። ባለፈው ስትመጣ ጉንጯ ላይ ቀላ ያለ ነገር አይቼ ዝም ብያለሁ። እናቷ ጋ ደወልኩ።

«ልጅዎ ጉንጭ ላይ የወጣው ከፈረሷ የተላለፈ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጋ ሲወስዷት ፈረስ ታቅፍ እንደነበር ይንገሩልኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ እኮ ኤግዚማ መስሎኝ ቅባት እየቀባኋት ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

ለ6 ሳምንት ማስጋለብ አቆምን። ዶክተሯ ያዘዘችውን ፀረ ፈንገስ ኢኒልኮናዞል በልኩ በጥብጠን፣ በየ3 ቀኑ 4 ጊዜ ቀባናቸው። የዳኑ የሚመስሉትም አልቀሩም። ጓንት እናደርጋለን፤ ጤነኞቹን አስቀድመን የታመሙትን መጨረሻ እንነካለን። ጭርት በራሱ ጊዜ ይድናል፤ እንዲሁ ቢተው ግን ወራት ይፈጅና ሌላውን እያዳረሰ ይቆያል።

የጋጣው ሥራ ደግሞ ከሕክምናው ይብስ ነበር። የፈንገሱ ዘር እንጨት ላይ ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ቋሚውን፣ በሩን፣ ባልዲውን መጀመሪያ በሳሙና ፈተግን፤ ከዚያ ነው 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ ያፈሰስንበት። ቆሻሻ ላይ በረኪና ማፍሰስ ድካም ብቻ ነው። የእንጨት ብሩሾቹን አቃጠልናቸው።

ከሁለት ወር በኋላ የዳማዋ ጎን ፀጉር አበቀለ። አዲሱ ከቀድሞው ጠቆር ይላል። ልጅቷም ስትመለስ ጉንጯ ጠርቷል። ቀይ ፕላስተር የተጠመጠመበትን ብሩሽ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይኼ የዳማ ብቻ ነው አይደል?» አለችኝ።